የእትዬ አልጋነሽ ብርቱካን አልታመመም ነበር

እትዬ አልጋነሽ ሞቱ እያሉኝ ነው። አላምንም። ትናንት ገበያ ላይ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ እኮ! ከተጣላን ወዲህ እሸሻቸው ስለነበር በሌላ በኩል ዞርኩ እንጂ፣ አይቻቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ቶሎ ቶሎ ልጻፍላችሁ። ፊደል ብስት አትታዘቡኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ ሦስተኛው ብርቱካኔ ጋ ሄድኩ። ሁለቱ ደርቀውብኛል፣ እሱም ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ግንዱ ላይ የቆለልኩትን አፈርና ፍግ ገፈፍኩት። አንድ ስንዝር ወረድኩ። የተዳቀለበት ቦታ፣ ሁለቱ እንጨት የተጋጠሙበት፣ እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ልጡ በስብሷል። ሙጫ ያነባል።

ያኔ ገባኝ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤታቸው በረርኩ። የምላቸውን መንገድ ላይ በተራ ይዤዋለሁ። አንደኛ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለተኛ፣ የጻፍኩትን አጠፋለሁ። ሦስተኛ፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስደርስ ደጃቸው ላይ ድንኳን እየተከሉ ነው።

«ማነው?» አልኩ።

«እትዬ አልጋነሽ ናቸው። ጠዋት ልጃቸው ብትቀሰቅሳቸው አልነቁም።»

ለማታውቋቸው፣ እትዬ አልጋነሽ እዚህ መርሳ ችግኝ ሻጭ ነበሩ። ከወልድያም ከሲሪንቃም ሰው ይመጣላቸዋል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከልጄ ደብተር በቀደድኩት ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፦ ብርቱካን ስድስት፣ ፓፓያ ስምንት፣ የጎመን ችግኝ፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም። አነበብኩላቸው። በሳቅ ፈረሱ።

«አያ ዝርዝር! ግቢህ ቀበሌ ነው እንዴ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ «አያ ዝርዝር» ሆኖ ቀረ።

ስወጣ ለምርቃት ብለው አንዲት ጽጌረዳ ጨመሩልኝ። «እትዬ፣ እኔ አራት ልጅ የማበላ ሰው ነኝ፣ አበባ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው።

«አፍህ በልቶ ዓይንህ ጦሙን ይደር?»

ተከልኳት። ልጆቼ ከብርቱካኑ ይልቅ እሷን ነው የሚወዱ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከፓፓያዎቹ ሦስቱ አበባ ብቻ እያወጡ ፍሬ የለም። ወንዴ ናቸው፣ ውሃዬን በከንቱ ይጠጣሉ ብዬ ሦስቱንም ቆረጥኳቸው። የሴቶቹም አበባ መርገፍ ጀመረ። ሄጄ ነገርኳቸው።

«ቤትህ ስንት ሴት አለ?» አሉኝ።

«ከነሚስቴ አምስት።»

«ወንድስ?»

«እኔ ብቻ።»

«ታዲያ አንተን ማን ቆረጠህ?»

ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። አንድ ወንዴ በነጻ ሰጥተው ሰደዱኝ።

እንዲህ ያለችን ሴትዮ ነው እኔ ያዋረድኳት።

ብርቱካን ሲያስረክቡ የሚሏት አንዲት ቃል ነበረች፦ «አንገቱን እንዳትቀብርብኝ።» አንገቱ የሚሉት ያንን የተዳቀለበትን ቦታ ነው። ሰምቻለሁ። ግን ጭንቀታም ሰው ነኝ። ፀሐዩ ሲበረታ ደረቁብኝ ብዬ በየሳምንቱ ፍግና አፈር ግንዱ ላይ ቆለልኩ። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። የበረደው ልጅ ላይ ጋቢ እንደመደረብ ነው የመሰለኝ።

ሁለቱ ሲደርቁ ገበያ መሀል ሄጄ «የታመመ ችግኝ ሸጡልኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«መጥቼ ልየው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ደርቋል፣ ምኑን ያዩታል!»

በዚህ አላበቃሁም። እዚሁ ገጼ ላይ የደረቁትን ፎቶ አንስቼ «ከእትዬ አልጋነሽ ብርቱካን እንዳትገዙ፣ በሽታ ነው» ብዬ ለጠፍኩ። ብዙዎቻችሁ አጋራችሁት። አንዱ ከስር «አጭበርባሪ ናት» ብሎ ጻፈ። እኔ ላይክ አደረግኩለት።

ዛሬ ድንኳኑ ስር ልጃቸውን ጠየቅኳት። «የጻፍኩትን ሰምተው ነበር?»

«እማዬ ማንበብ አትችልም። እኔ ነኝ ያነበብኩላት።»

«ምን አሉ?»

«ተነስታ ችግኞቹን ልታጠጣ ወጣች።»

ከዚያ ወዲህ ብርቱካን የጠየቃቸው ሰው የለም አለችኝ። ችግኞቹን አየኋቸው። ለድንኳኑ ቦታ እንዲለቁ አጥር ስር ገፍተዋቸዋል። አርባ ሁለት ናቸው። ገዢ አጥተው ስለሰነበቱ ሥሮቻቸው የተተከሉበትን ላስቲክ ቀደው ወጥተዋል። አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየሁ። አንዱም አልታመመም።

ወዳጆቼ፣ በእናታችሁ። እኔ ያንን ጽሑፍ አጥፍቼዋለሁ፣ በእናንተ ገጽ ያለውን ግን እኔ ማጥፋት አልችልም። ያጋራችሁ አጥፉት። አጭበርባሪ ያልክ ወንድሜ፣ ቃልህን አንሳ። በእሱ ፋንታ ይሄን አጋሩት። ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ስማቸው ይመለስ። ከዚያ በኋላ ለማን ብዬ እመልሰዋለሁ?

እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቢጠብቁኝ ምን ነበረበት? ትናንት ፊት ለፊቴ ነበሩ፣ እኔ ነኝ በሌላ በኩል የዞርኩ። ዛሬ ልጅዎት ታባርረኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደህና ይሁኑ፣ እትዬ። ፈጣሪ ውሃ ካለበት ግቢ ያስገባዎት። የችግኙን ዋጋ የዚያኑ ቀን ከፍዬዎታለሁ። ይቅርታውን አልከፈልኩም።