አህያዋ የፈረደችበት የቆዳ ውሃ

ሰቆጣ ኬሚስትሪ እንዳስተምር በተመደብኩበት ዘመን የተከራየሁት ክፍል አንድ ቆዳ አልፊ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። አከራዬ በጨው ታሽቶ የቆየ ቆዳ ይዘፈዝፋሉ፣ በግራር ቅርፊት ያለፋሉ፣ የተረፈውን ቡናማ ውሃ ከግቢው በታች ወዳለው ወራጅ ይለቁታል። ከወራጁ ዳር የሚኖሩት ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን ታዲያ፣ «አህያዬ ውሃውን አሽትታ ፊቷን አዞረች» ብለው ከሰሷቸው።

የሰፈር ሽማግሌዎች ፍርዱን ለአህያዋ ተዉት። ቅዳሜ ወደ ገበያ ስትወጣ ከአከራዬ የቆዳ ውሃ ከጠጣች አከራዬ ይቆያሉ፤ እምቢ ካለች ሥራቸውን ነቅለው ውሃ ወደሌለበት ኮረብታ ይወጣሉ።

እኔ ግን ማስተማሪያ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። «አይጨነቁ አባባ» አልኳቸው። «ሁለት የብረት ቁራጮች ከባትሪ ጋር አገናኝተን ውሃው ውስጥ እንነክራለን። ብረቱ ጥቂት በጥቂት ይሟሟና ቆሻሻውን ያያይዘዋል፤ አሬራ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ እንደሚለየው ማለት ነው። ጨውም ስላለበት ኤሌክትሪኩ በደንብ ያልፋል።»

ከአንድ ሹፌር ባትሪ ተውሰን ሁለት የብረት ላሜራ ነከርን። ውሃው እንደ ቀለም ጠቆረ።

«አንተ መምህር፣ አጥራልኝ አልኩህ እንጂ አጥቁርልኝ አልኩህ?» አሉ አከራዬ።

ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አሁንስ አህያዬ ቀርታ ጅብም አይቀምሰው!» አሉ።

ወዲያው ገባኝ። የግራር ቅርፊት ጭማቂ ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ይህንን ራሴ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። የጠቆረውን በእንስራ አስቀመጥንና አንድ የተበሳ የአሉሚኒየም ድስት ቆርጠን በገንዳ ባለ ሌላ የቆዳ ውሃ እንደገና ጀመርን። አረፋው ፈላ፣ ቆሻሻው አረፋው ላይ እየተንጠለጠለ ወደ ላይ ወጣ፣ ከሥሩ የገንዳውን ወለል የሚያሳይ ንጹሕ ውሃ ቀረ። አከራዬ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አዩበትና፣ «እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?» አሉ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተሰየሙ፤ አህያዋም ቀረበች። እኔ ተነሥቼ፣ «የጠራ ውሃ ሁሉ ለመጠጥ አይሆንም፤ ምክንያቱም...» ብዬ ሳልጨርስ አህያዋ አፏን ነክራ ትምገው ጀመር። ጨው ለምዳለች፤ የአሞሌ ጨው ጭነት እየላሰች ያደገች ናት። ይህንንም ላስረዳ ስሞክር አንደኛው ሽማግሌ፣ «ተቀመጥ መምህር፤ ዳኛዋ ፈርዳለች» አሉኝ።

«ሆዳም! በጨው ሸጠችኝ» አሉ ጎረቤታችን እየሳቁ።

አከራዬ በቦታቸው ቀሩ። እኔ ግን የተጣራውም ውሃ ዝቃጩም ወደ ወራጁ ሳይሆን ጉድጓድ እንዲገባ ለመንኩ፤ እሳቸውም ጉድጓዱን በማግሥቱ ቆፈሩ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤታችን አንድ ያረጀ የቆዳ መጫኛ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ያን ጥቁር ውሃ ደፋችሁት እንዴ?»

«አለ» አሉ አከራዬ።

«እንግዲያ ይህን ንከሩልኝ፤ ይጥቆርልኝ። ዳኛ በነጣ መጫኛ ገበያ አትወርድም።»