ጦሩን ያሸሸው ደወል

ጋሽ ቤኒያሚኖን የማያውቅ የፍሪዩሊ አውራጃ ሰው ካለ፣ ጆሮው አይሰማም ማለት ነው። እንደሱ ያለ ደወል መቺ አልተወለደም! በበዓል ዋዜማ ማማው ላይ ይወጣና የሦስቱን ደወሎች ምላስ በገመድ አስሮ፣ በእጁም በእግሩም እየሳበ ሲጫወት፣ ወይን ጠጁ ብርጭቆ ውስጥ ይጨፍራል ልበላችሁ።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታዲያ መደወል ክልክል ነበር። እሱ ግን የቅዱስ ስምዖን ዋዜማ ሲደርስ አላስቻለውም፤ ወጣና ደወለ። ጦራችን ከኢዞንዞ ወንዝ ግንባር ፈርሶ በመንደራችን በኩል የሸሸውም የዚያኑ ቀን ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ፣ ያኔ ግንባሩ ላይ ለምን ተሸነፍን የሚሉ አጣሪዎች ወረዳችን መጡ። መቼም ጄኔራል አጠፋ አይባልም። ጭጋጉን አሙት፣ ቄሱን አሙት፣ በመጨረሻ አንዱ ብልጥ፣ ወታደሩ ደወል ሰምቶ ሰላም የወረደ መስሎት ነው የሸሸው አለ። ጭጋግ አይታሰርም፤ ደወል መቺ ይታሰራል። ጋሽ ቤኒያሚኖ ተጠራ።

ሚስቱ ሳንቲና፣ አልደወልኩም በልና ወደ ፖሌንታ ገንፎህ ተመለስ አለችው። እሺ ብሎ ማለላት።

እውነትም የአጣሪዎቹ አለቃ ኮሎኔሉ ፊት ቆሞ ጥርት አድርጎ ካደ። ሊያሰናብቱት ሲሉ ግን ኮሎኔሉ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ የደወለው መቼም ሰካራም ነው፣ ድስት ደረጃ ላይ ሲንከባለል ይመስል ነበር አሉ፣ ብሎ ሳቀ።

የጋሽ ቤኒያሚኖ ደም ፈላ። "የምን ድስት፣ ጌታዬ? እኔ ነኝ የደወልኩት። አንዲት ምት አልሳትኩም።"

ኮሎኔሉ ፊቱ በራ። ወታደሩ ሳይሸሽ በፊት ነዋ የደወልከው አለው።

"ኧረ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጄኔራሉ መኪና ወደ ድልድዩ ሲፈረጥጥ፣ ጥሩምባው ዜማዬን እንዳያበላሽብኝ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ወታደሩም እሱን ተከትሎ መጣ። ከዚያ ደወልኩ።"

ኮሎኔሉ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያን ቀን ነፋስ ነበር ወይ አለ። ዝናብ እንጂ ነፋስ አልነበረም አለ ጋሽ ቤኒያሚኖ። ጸሐፊው ደወሉን ነፋስ መታው ብሎ ጻፈ። በል፣ ነፃ ነህ፣ ሂድ ተባለ።

መንደሩ እንኳን እግዜር አተረፈህ ሲለው እሱ ጭራሽ ባሰበት። በማግስቱ ማልዶ፣ ነፋስ መታው ያሉትን ተመልሼ ላሳርማቸው ብሎ ተነሳ። ጫማው የለም። አልጋው ሥር ፈለገ፣ በረት ገባ፣ ምድጃ ዳር አየ፤ የለም።

ሳንቲና ፖሌንታዋን እያማሰለች ቀና እንኳን አላለች። "ከሄድክ በባዶ እግርህ ሂድ። አጣሪዎቹ ወደ ሮማ ሲሳፈሩ ጫማህ ይገኛል።"