ከእመቤታችን እግር ሥር የተሳለው ሰው

ሰዓሊ ያገባች ሴት በደጉ ዘመንም ጓዳዋ አይሞላም፤ በጣልያን ጊዜማ ተዉት። ይጁቤ ገበያ ሻጩ ጠገራ ብር ካላየሁ አልሰፍርም ይላል፣ ወታደሩ ሊሬ ካልተቀበልክ ብሎ ይገርፋል፤ በመሀል እህሉ ጠፋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥዕል የሚያሠራ ከየት ይምጣ? ባሌ ካህናቱ ለንግሥ የጠየቁትን የእመቤታችንን ሥዕል በከሰል ነድፎ፣ ጨርቁን ግድግዳችን ላይ እንደ ወጠረው ቀረ። ቀለም የለ፣ መግዣ የለ። ልጆቼ ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው ሳይ፣ እመቤቴ ይቅር ትበለኝና፣ ያን ጨርቅ ቀድጄ ቀሚስ ላደርግላቸው ያምረኝ ነበር።

አንድ ቀን ጣልያን የሾመው ያገራችን ሰው መጣ። ባንዳ ነው፤ ምን አሽሞነሞነኝ። ቀለሙንም ጤፉንም እኔ እሰጣለሁ አለ። በእኛ አገር ሥዕል ያሠራ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሳላል፤ እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። ባሌ ፊቱን ሲያዞር ጤፉን እኔ ተቀበልኩ። ልጆቼን አበላሁበት፤ ዛሬም አላፍርበትም።

ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል ጎረቤቴ እሳት ልትጭር ገባች። ባሏ የሞተባት ናት። አንድ ልጅ ነበራት፤ ይኸው ሰውዬ «ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለህ» ብሎ ከደጇ አስሮ ለጣልያን አስረከበው፣ ደብረ ማርቆስ ወስደው ረሸኑት። ሥዕሉ ቁርጥ ሰውዬውን ነበርና ገና ስታየው አወቀችው። እሳቱን ሳትጭር ወጣች። ተከትያት ብሄድ ምን እላታለሁ?

በማግስቱ ተመልሳ ባሌ ፊት ቆመች።

«አለቃ፣ ልጄን ይሳሉልኝ።»

«የት?»

«በሱና በእመቤቴ መካከል። ቀና ሲል ልጄን ይየው።»

«አንቺ ሴት፣ ልታስፈጂን ነው?» አልኳት። ባሌ እህል ሳይቀምስ ዋለና ብሩሹን አነሣ። ልጁ እኛ ቤት ሲገባ ሲወጣ ያደገ ነው፣ መልኩ አልጠፋውም። ኩታውን አጣፍቶ፣ ቁልቁል ሰውዬውን እያየ አቆመው።

የንግሡ ዕለት ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተዘረጋ። ሕዝቡ ልጁን አየ፣ እርስ በርሱም ተያየ። ሰውዬው ጠመንጃ ያዦቹን ደጅ አቁሞ ገባ። ልጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ። ጎረቤቴ ግን ከሴቶቹ ፊት ወጥታ ዓይን ዓይኑን ታያለች። እንዲደነግጥ፣ የሠራውን እንዲያውቅ ነበር የምትጠብቀው። ከዚያ ወዲያ ቢገድላትም ግድ አልነበራትም።

ሰውዬው መጀመሪያ ራሱን አየና ፈገግ አለ። ከዚያ ልጁን አየ፤ ቆየት ብሎም አየው።

«ይህስ ልጅ የማን ነው?» አለ።

«የኔ ነው» አለች።

«መልከ መልካም ነው። እግዜር ያሳድግልሽ።»

አላሾፈም፣ አላስመሰለም። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ ረስቶታል። ስንቱን አስሮ የትኛውን ያስታውስ! በአገራችን ሰው ሲመርቅ «አሜን» ይባላል፤ ሁሉም እሷን ይጠብቃል። እሷ አፏን ከፍታ ቆመች፣ ቃሉ አልወጣ አላት።