የእትዬ አልጣሽ የሚያቃጥል ተረት

እትዬ አልጣሽ በደርግ ጊዜ፣ ቡሬ ውስጥ በርበሬ ስንቀነጥስ አስፈሪ ተረት የሚያወሩልን ጎረቤታችን ነበሩ። “ፍርሃትና በርበሬ አንድ ናቸው፤ እያቃጠሉ ያስደግማሉ” ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው! እኔ ራሴ ልቤ ድው ድው እያለ “ኧረ ይቀጥሉ እንጂ!” እል ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ፣ ጓድ እንዳለው፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ። “ሰው ጅብ ይሆናል እያሉ ሕዝቡን ወደ ኋላ አይጎትቱ!” ብሎ ተቆጣ።

“እሺ፣ የጀመርኳትን ልጨርስና ይቅር” አሉ እትዬ አልጣሽ።

በእኛ ዘንድ በርበሬ እየተቀነጠሰ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለምና ለካድሬውም አንድ እፍኝ ሰጠነው። እየቀነጠሰ ያዳምጥ ጀመር።

“ሙሽሪት ብቻዋን ናት” አሉ እትዬ አልጣሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “በሩን አንድ ነገር ቧጠጠው፤ ቧጠጠውና... ገፋው!”

ጓድ እንዳለው ጮኸና ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፈነ። በዚያ በበርበሬ እጁ! ወዲያው ከመጀመሪያው አብልጦ ጩኸቱን አቀለጠው። እኛ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልን።

እትዬ አልጣሽ ዓይኑን በውኃ እያጠቡለት “አይዞህ ልጄ” አሉት። “የገባችው ድመቷ ናት። ጅቡ ገና አልመጣም።”