«ምንም አልሆንኩም»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም ቢሆን። ስለ ሌሎች ሰዎች ጥፋት ግን ብዙ ጽፌያለሁ።

መዲና የወሎ ሰው ናት። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚባል ሰፈር አፓርትመንት ልትከራይ ብትሄድ፣ ማናጀሩ ሂጃቧን አየና «ክፍት ቤት የለም» አላት። በማግስቱ ነጭ የሥራ ጓደኛዋ ስትደውል ቤት ተገኘ። መዲና ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች። እስከዚያው ከልጇ ጋር እህቷ ሳሎን፣ አንድ ሶፋ ላይ ያድሩ ነበር።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ «ተበደልኩ ማለት ጌጥ ሆኗል» የሚል መጣጥፍ እጽፍ ነበር።

በመሐላ ቃሏን በሰጠችበት ቀን የአከራዩ ጠበቃ «በዚህ የተነሣ ምን ደረሰብሽ?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ! ምን እሆናለሁ? ምንም አልሆንኩም።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ አለ? ሐኪም ፊት እንኳ «ደህና ነኝ» ብለን አይደል በሽታችንን መናገር የምንጀምረው? እጄን አንሥቼ «ይህ የጨዋ ሰው አነጋገር ነው፤ ደግመው ይጠይቋት» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። «ጉዳት አልደረሰብኝም» ብዬ ተረጎምኩ። መልሷ ለመጣጥፌ ተስማምቶኝ ነበር።

ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት እያልኩ ራሴን ሸንግያለሁ። ውሸት ነው። «ጉዳት» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ጠበቃዋ ኋላ ሊያቃናው ቢሞክር፣ ቃሉ ተመዝግቧል። ዳኛው ያልተጎዳ ሰው መክሰስ አይችልም ብለው መዝገቡን ዘጉ። ማናጀሩ ያደረገውን ማንም ሳይመረምር ቀረ። እኔም «አልተጎዳሁም ያለች ኩሩ ሴት» ብዬ መጣጥፌ ውስጥ አስገባኋት። ተወደደልኝ።

ከወራት በኋላ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ሥጋ ቤት ተገናኘን።

«ወንድሜ፣ እኔን ያጠፋኝ አፌ ነው» አለችኝ። «ልጄ እንኳ ‹ማሚ፣ ዋይ ዲድ ዩ ሴይ ዛት?› ለምን እንደዚያ አልሽ እያለች ታፋጥጠኛለች። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ! ሌላ ምንም አልነገርኳት።

አንባቢዬ፣ አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም፤ አንተን አልበደልኩም። የበደልኳት መዲና ዛሬም ምላሷን ትረግማለች። ያን ቀን ምላሷ እኔ ነበርኩ።