ጥቁሩ ክር በአፍ በኩል

በእንስሳት ምርምር ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «እትዬ አንጀት» ነው የሚላት። ስሙ አላስከፋትም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከቄራ የሚመጣላትን የበግ አንጀት ስታጥብ፣ ስትቆርጥና ስታስር የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ቆሽቷን ያሳረራት ሌላ ነገር ነው።

ሥራዋ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። አንድ ስንዝር ያህል አንጀት ቆርጣ የሰውነት ሙቀት ባለው የጨው ውሃ ውስጥ ታጋድመዋለች፤ በቀጭን ቱቦ አየር ይገባለታል። በጉ ከታረደ ሰዓት አልፎታል፣ ጭንቅላቱ የት እንደወደቀ እግዜር ይወቀው፤ አንጀቱ ግን ሥራ ላይ ነው። በግድግዳው ውስጥ፣ በሁለት ስስ የጡንቻ ንጣፎች መካከል፣ የነርቭ ሴሎች እንደ መረብ ተያይዘው ተዘርግተዋል። ትንሽ የሰም ፍሬ ስታስገባበት እነዚያ ሴሎች ከፍሬው በስተኋላ ያለውን ጡንቻ «ጨምቅ»፣ ከፊቱ ያለውን «ላላ በል» ይሉታል፤ ፍሬውም ከአፍ በኩል ወደ ጭራ በኩል ይሄዳል። የበግም፣ የላምም፣ የአይጥም፣ የሰውም አንጀት እንዲሁ ነው፤ ማንንም ሳይጠይቅ መንገዱን ያውቃል። «ከአለቆቻችን ይሻላል» ትል ነበር እትዬ አንጀት፣ አለቆቹ በሌሉበት።

ችግሩ ተቆርጦ የወጣ አንጀት ሁለቱም ጫፉ አንድ መሆኑ ነው። የቱ በአፍ በኩል እንደነበር፣ የቱ በጭራ በኩል እንደነበር በዓይን አይለይም። ስለዚህ ገና ከነጨጓራው ሳለ፣ ሳትቆርጠው፣ በአፍ በኩል ባለው ጫፍ ጥቁር ክር ታስርበታለች። ክሩ ከባሏ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ «የሰው ሱሪ ጠቅሜ የተረፈኝ ክር ለበግ አንጀት ጠቀመ» እያለ ይስቅባታል። ይህ ሕጓ በትልቁ ተጽፎ ከጠረጴዛዋ በላይ ተለጥፎ ነበር፤ ጥቁር ክር፣ የአፍ በኩል።

«ነበር» ያልኩት ወድጄ አይደለም። አዲሱ ዶክተር በመጣ በሳምንቱ ግድግዳውን አስቀባና ወረቀቱን አስጣለው። ዶክተሩ በተማረበት ቤት ጥቁር ክር የሚታሰረው በጭራ በኩል ነበር። እዚህስ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀም። ጥያቄ ያሳንሰዋል!

የሚመራመረው አዲስ የመኖ ቅመም በበሉ በጎች ላይ ነበር። ቅመሙን ያልበሉትን በጎች ውጤት ከቀድሞው ኃላፊ መዝገብ ላይ ወስዶ፣ የበሉትን ራሱ መለካት ጀመረ። ጉድ ፈላ! በእሱ ንባብ ፍሬው ሁሉ ከጭራ ወደ አፍ ይሄዳል። ቅመሙ የነርቭ ሴሎቹን አቅጣጫ ገለበጠ ብሎ በደስታ መሬት አልበቃው አለ።

እትዬ አንጀት ዝም አላለችም። በማግስቱ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ «ዶክተር፣ ጥቁሩ እኮ የአፍ በኩል ነው። እንዳይሳሳቱ» አለችው።

ቀና እንኳ አላለም። «አንቺ አጣቢ ነሽ፤ አጥበሽ አቅርቢ። ማንበቡን ለእኔ ተይው።»

አንቺ አላት! በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ሴት። የዚያን ቀን በንዴት አንድ አንጀት ቀደደች፤ በሃያ አራት ዓመት ሦስተኛዋ ነበር።

ከወራት በኋላ ያሳተመውን ጽሑፍ ያነበቡ የሌላ ምርምር ቤት ሰዎች ሙከራውን ደገሙት። የተገለበጠ ነገር የለም። ዶክተሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! «ሠራተኛዋ ክሩን በተሳሳተው ጫፍ ስታስር ስለቆየች» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሥራ እንድትነሣም ጠየቀ።

ባሏ «ተይው፣ ሆድ ይፍጀው በይ» አላት።

«ሃያ አራት ዓመት የሆድን ነገር ሳይ ኖሬ?» ብላ ጮኸችበት። «ሆድ ምንም አይፈጅም! ወይ ወደፊት ይገፋዋል፣ ወይ ይታመማል። እኔ አልታመምም።»

ነገሩን የሚያዩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሰብሳቢው ሽማግሌ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። እትዬ አንጀት ገና ሳትቀመጥ «እኔንም እሱንም አትስሙ፤ አንጀቱ ራሱ ይመስክር» አለች። ሰብሳቢው ሳቁ፤ ግን ከቄራ አምስት አንጀት ከነጨጓራው አስመጡ። እሷ በፊታቸው ክሯን እያሰረች ቆረጠች፤ እሳቸው በየአንዳንዱ መሐል የሰም ፍሬ በገዛ እጃቸው አስገቡ። አምስቱም ፍሬ ከጥቁሩ ክር እየራቀ ሄደ። አንዱ ዝግ ሲል ዶክተሩ አንገቱን አሰገገ፤ ወዲያው አንጀቱ ጨመቅ አደረገና ፍሬውን ገፋው።

«ዛሬማ ተጠንቅቃ ነው» አለ ዶክተሩ።

ያኔ በየቀኑ አንጀት ስታስረክብ የምታስፈርምበትን የርክክብ መዝገቧን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። በየገጹ አናት ላይ «ጥቁር ክር፦ የአፍ በኩል» ይላል። በየገጹ ግርጌ አንጀቱን የተረከበው ሰው ፊርማ አለ። ስድሳ ሦስት ገጽ፣ ስድሳ ሦስት የዶክተሩ ፊርማ። አንዱንም ሳያነብ!

ሰብሳቢው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ሦስቱ ተማክረው ውሳኔውን አስጻፉ። ከሥራዋ አትነሣም። ወረቀቱ ግን እንዲህ ይላል፤ «ችግሩ የተፈጠረው በሁለቱ ባለሙያዎች መካከል በነበረ አለመግባባት ነው።» ዶክተሩ ቶሎ ፈርሞ ወደ እሷ ገፋው።

«በቃ እትዬ፣ ይፈርሙና ይለፍ» አላት። ዛሬ ገና አንቱ ሆነች።

ንዴቷ ይበርዳል ብላ የጠበቀችው በዚህ ሰዓት ነበር፤ ይባስ ብሎ ነደደ። አለመግባባት! ነገረችው እኮ፣ ጆሮው ሥር ቆማ። ስድሳ ሦስት ቀን ጽፋ ሰጠችው።

እስክሪብቶውን አልነካችም። ከጋውኗ ኪስ መርፌዋን ከነክሩ አወጣችና ወረቀቱን በዶክተሩ ፊርማ ሥር ወጋችው። ጥቁሩን ክር አሳልፋ፣ እንደ ልማዷ በሁለት ቋጠሮ አጥብቃ አሰረችና ለሰብሳቢው ሰጠቻቸው።

«ይኸው» አለች፤ «የዚህ ነገር አፉ በዚህ በኩል ነው።»