በሰው ደጅ የተተከለ ድንኳን

ልጄ ከነሚስቱና ከነልጁ አገር ለማየት ሲነሣ እኔንም ይዞኝ ሄደ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ነው። ዕቅዱ የእርሱ ነበር፤ ጋሸና ላይ ምሳ፣ ላሊበላ ሁለት ቀን፣ ነአኩቶ ለአብ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮና ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ወዳለበት ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ። የምናድረው ከመኪናው ጣሪያ ላይ ታስሮ በሚጓዝ ድንኳን ውስጥ ነው። ሆቴል ሞልቶ ሳለ ሜዳ ላይ ማደር ምን የሚሉት ጥጋብ እንደሆነ በበኩሌ አልገባኝም። መኪናው የልጄ ስለሆነ ዝም አልኩ።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በወጣትነቴ ከተራራው ሥር ባለች አንዲት መንደር ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ሁለት ዓመት ይሁን አንድ ዓመት ተኩል፣ አሁን ለመማል አልደፍርም። ያን ጊዜ ማደሪያ ሰጥተው፣ ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያበሉኝ አንዲት ሴት ነበሩ። በወጉ ሳልሰናበታቸው፣ ሳላመሰግናቸው ሄድኩ። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ለራሴ ደጋግሜ ተርኬዋለሁ፤ ከመደጋገሙ የተነሣ የሆነውንና እኔ ያሣመርኩትን መለየት ተስኖኛል። በሕይወት ካሉ ምስጋናዬን እንዲሰሙኝ፣ ካለፉም ከመቃብራቸው ላይ ጥቂት እንድቆም፣ ጉዳዬ ይኸው ነበር።

መንደሯ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ቀኑ ቅዳሜ በመሆኑ ሰዉ ሁሉ ላሊበላ ገበያ ወርዷል። ቤቱን ያወቅሁት መሰለኝ። ይሁን እንጂ በትዝታዬ ወይራው ከቤቱ በስተግራ ነበር፤ እዚህ በስተቀኝ ነው። ጣሪያውም ቆርቆሮ ሆኗል። በሩ ገርበብ ብሏልና አንድ ጊዜ ማንኳኳት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሳላረጋግጥ የሰው በር አልመታም ብዬ፣ የሚጠየቅ ሰው ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀናሁ።

«አባዬ፣ አንተ እስክትመለስ እኛ እዚህች መስክ ላይ እንተክላለን» አለኝ ልጄ። «እይታው ግሩም ነው!»

መስክ ያላት የቤቱ ደጃፍ ናት። ድንኳኑም ነጭ ነው፤ ትልቅ፣ አራት ማዕዘን። በዚያ አገር እድሩን ቅሬ ይሉታል፤ ሰው ሲሞት ቅሬው ነጭ ድንኳኑን አምጥቶ ከሟቹ ደጅ ይተክላል። ወሩ የጾም ስለነበር ሠርግ ነው ብሎ የሚሳሳት አይኖርም። ይህን ሁሉ ዐውቅ ነበር። ዘመኑ ተለውጦ ይሆናል፣ ቱሪስት የለመዱ ሰዎች ናቸው፣ ምናልባትም እኔው እያምታታሁ ይሆናል እያልኩ፣ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ መንገዴን ቀጠልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥንቃቄ ብዬ የጠራሁት ነገር ያን ቀን ሌላ ስም ይገባው ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው አጥቼ ስመለስ ከማዶ ካለው ቁልቁለት ጩኸት ሰማሁ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ከገበያ ስትመለስ ድንኳኑን አይታ፣ የተሸከመችውን ጥላ፣ ደረቷን እየደቃች ትሮጣለች። «እናቴን! እናቴን! እኔ ገበያ ልውረድ አንቺ ጥለሽኝ ልትሄጂ!» ጎረቤቶቿም እያለቀሱ ይከተሏታል። ልጄ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሊቀርፅ ስልኩን አነሣ። እጁን መታሁት። ልጅ ሳለ እንኳ መትቼው የማውቅ አይመስለኝም።

ሴትዮዋ ደርሳ የድንኳኑን በር ገለጠች። የልጅ ልጄ ተጋድማ ብስኩት ትበላለች።

«እናቴን የት አደረጋችኋት?»

«የማን እናት?» አለ ልጄ። «እኛ ካምፕ አድርገን ነው። ለመዝናናት።»

«ለመዝናናት? በእናቴ ደጅ?»

«ጥሩንባ ሳይነፋ፣ ቅሬው ሳይሰማ፣ ማነው ድንኳን የተከለ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ይኼኔ የቤቱ በር ተከፈተና አንዲት በጣም ያረጁ ሴት በምርኩዝ ብቅ አሉ። ለካ ታመው ተኝተው ኖሯል።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ልጃቸው እግራቸው ሥር ተደፋች።

«እኔ ነኝ እንዴ? ታዲያ ምን አስቆማችሁ? ቀጥሉ እንጂ! ማን ምን ብሎ እንደሚያለቅስልኝ ልስማ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ልጃቸው ግን አልሳቀችም። «በቁምሽ ቀበሩሽ» አለች። ወደ እኛም ዞር ብላ፣ «አንኳኩታችሁ ብትጠይቁ ምን ነበረበት? ቤት እያለ ሜዳ! ቤታችን ለሰው አይሆንም?»

«ይቅርታ፣ ባህሉን አላወቅንም» አለ ልጄ።

ቁጣዬ የገነፈለው እዚህ ላይ ነው። በየውቅር ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተጻፈውን አንብቧል፤ ጅብራውን በየአቅጣጫው ፎቶ ለማንሣት ጓጉቷል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ግን የአንድ ሰው በር አላንኳኳም። እርሱስ ባያውቅ ነው። የሚያውቀው ሰው ምን አፉን ዘጋው?

«እኔ ዐውቅ ነበር» አልኩ በሰው ሁሉ ፊት። ወደ አሮጊቷም ቀርቤ፣ «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ድሮ እዚህ አስተማሪ ነበርኩ። አብልተውኛል፤ ላመሰግንዎት ነበር የመጣሁት» አልኳቸው።

ፊቴን አተኩረው አዩት። «አስተማሪ ብዙ መጥቷል። ሁሉም በልቷል። አንተ የትኛው ነህ?»

«ሳይሰናበትዎት የሄደው።»

«ማን ተሰናብቶኝ ሄደና!» አሉ። «በል ምስጋናውን ለእግዜር ስጠው፤ ድንኳኑን ንቀልልኝና ከነልጆችህ ግባ።»

ካስማዎቹን በገዛ እጄ ነቀልኩ። ልጄ «በዘዴ ነው አባዬ፣ ይቀደዳል» ሲለኝ፣ ይቀደድ አልኩት። ያን ቀን እዚያው ቤት አደርን። የአሮጊቷ ልጅ ራታችንን አንድ ቃል ሳትተነፍስ አቀረበችልን፤ ብትሰድበን በቀለለኝ ነበር።

በማግሥቱ፣ ወሬውን ከገበያ ሲመለሱ የሰሙ የሩቅ መንደር ሰዎች ኩታቸውን ለለቅሶ አጣፍተው መምጣት ጀመሩ። ልጄ፣ «እንሂድ እንጂ፣ ጭላዳዎቹ የሚታዩት በጠዋት ነው» አለኝ።

«ጭላዳው ይቆይ» አልኩት።

ያበሉኝ ሴት እርሳቸው ስለመሆናቸው እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። እርሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሊያለቅስ የመጣውን ሁሉ «ና ግባ፣ ገና ነኝ» ይላሉ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ለእያንዳንዱ «ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ ማሩኝ» እላለሁ። ልጄ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ ጠርቼ አጠገቤ አቆምኩት። አራተኛው ለቀስተኛ ሲመጣ ሳላዝዘው አንገቱን ደፋ።